ማር ሞልቶ ንብ የጠፋባቸው ቀፎዎች፦ ካሊፎርኒያ፣ 2025

(ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስንል የአሜሪካን የብርድ ወራት፣ በጋ ስንል የሙቀቱን ወራት ማለታችን ነው።)

በጃንዋሪ 2025 ከየግዛቱ ወደ ካሊፎርኒያ የተጓጓዙ ቀፎዎች ለአልመንድ አበባ ሊዘጋጁ ክዳናቸው ተነሣ። በብዙዎቹ ውስጥ የታየው ተመሳሳይ ነበር። የታሸገ ማር በየፍሬሙ (የማር እንጀራው በሚሠራበት ማዕቀፍ) ተንጠልጥሏል። መካከል ላይ ባሉት ሁለት እንጀራዎች መሃል ብርቱካን የምታህል የንብ ጉብታ አለች፤ ንግሥቲቱም እዚያው ናት። አጠገቧ እዚህም እዚያም የተበታተነ የታሸገ እጭ ይታያል። ወለሉ ላይ ያለው ሬሳ ከአንድ እፍኝ ብዙም አይበልጥም። ረሃብ ነው እንዳይባል ማሩ አለ፤ ብርድ ነው እንዳይባል ሬሳው የለም።

ፕሮጀክት ኤፒስ ኤም የተባለው የንብ ምርምር ድርጅት በዚያው ሰሞን ባሰባሰበው መጠይቅ መሠረት፣ ከጁን 2024 እስከ ፌብሩዋሪ 2025 ድረስ ንብን ዋና መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች በአማካይ 62 በመቶ ቀፎ አጥተዋል። በጓሯቸው ጥቂት ቀፎ የያዙትም ግማሽ ያህሉን አጥተዋል። በአሜሪካ በአንድ ክረምት ሢሶ ያህል መሞት የተለመደ ሆኖ ስለነበር ብዙ ሰው የተወሰነ ጉዳት ይጠብቅ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።

አልመንድ ማለት የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ለውዝ» የሚለው፣ የአሮን በትር አብባ ያፈራችው ነው፤ ዛሬ ሱቅ ገብተን ለውዝ ስጠኝ የምንለው ኦቾሎኒ አይደለም። ቅጠል ሳያወጣ የሚያብብ፣ ከሌላው ዛፍ ሁሉ የሚቀድም ዛፍ ነው። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች በቱ ቢሽቫት፣ በአይሁድ የዛፎች በዓል ሰሞን ያዩታል። የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ከዓለም አልመንድ 80 በመቶ ያህሉን ያመርታል፤ አበባው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይፈነዳና ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። አብዛኛው ዝርያ በራሱ ብናኝ ስለማይፀንስ ገበሬው አንዱን ረድፍ ኖንፓሬል፣ ቀጣዩን ሌላ ዝርያ ይተክላል። ብናኙን ከረድፍ ወደ ረድፍ የምታሻግረው ንብ ናት። የተለመደው መጠን በሄክታር 5 ቀፎ ገደማ በመሆኑ፣ አገሪቱ ካላት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ቀፎ አብዛኛው በዚያ ወር ወደዚህ ሸለቆ ይመጣል። አንድ ከባድ መኪና ከ400 በላይ ቀፎ፣ አራት አራቱን በአንድ ፓሌት አስቀምጦ፣ በመረብ ሸፍኖ ይጭናል። ኪራዩ በቀፎ 200 ዶላር አካባቢ ነው። ለብዙው አናቢ የዓመቱን ወጪ የሚሸፍንለት ከማሩ ሽያጭ ይልቅ ይህ ኪራይ ነው።

ውሉ ግን የሣጥን ቁጥር ብቻ አይጠይቅም። የተለመደው ውል «በአማካይ 8 ፍሬም ንብ፣ ከ6 ያላነሰ» ይላል። ቆጣሪው ጥቂት ቀፎዎችን በዕጣ መርጦ ይከፍታል፤ ሁለቱም ገጹ በአብዛኛው በንብ የተሸፈነውን ፍሬም አንድ ብሎ ይቆጥራል። ጠዋት በብርድ ተጠጋግታ የተቆጠረች ንብና ቀትር ላይ ተዘርግታ የተቆጠረች ንብ እኩል አይወጡም፤ ሰዓቱና የአየሩ ሙቀት ውሉ ላይ ካልሰፈረ ጭቅጭቅ አይቀርም።

የ42 ቀኑ ሒሳብ

ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላም ሦስት ሳምንት ያህል እጭ ስታበላ፣ ሰም ስታወጣ፣ ማር ስትቀበል ቤት ውስጥ ትቆያለች። ፌብሩዋሪ 14 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ ላይ የምታርፍ ንብ እንግዲህ ጃንዋሪ 3 አካባቢ እንቁላል ነበረች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ የሚቀሰም ነገር የለም። ስለዚህ አናቢው በዲሴምበር መጨረሻ አበባ የመጣ አስመስሎ ንቦቹን መመገብ ይጀምራል።

ለማነቃቂያ የሚሰጠው ሽሮፕ እኩል ለእኩል ነው፤ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ። ለስንቅ የሚሰጠው ግን 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ነው፤ ቀጭኑን በብርድ ወራት ለስንቅ መስጠት ንቡን ውኃ ሲያተን እንዲያድር መቅጣት ነው። በጽጌ ብናኝ ፈንታ ደግሞ የእኛ አገር አናቢ በችግር ወራት በሶና ሹሮ እንደሚያቀርበው ሁሉ፣ እነሱ የአኩሪ አተር ዱቄትና የቢራ እርሾ በስኳር ሽሮፕ ያቦካሉ። ሊጡ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን ቂጣ ተደርጎ ይጠፈጠፋል፤ ጣት ቢጫነው ሳይፈስ የሚሰረጉድ መሆን አለበት። የሚቀመጠው በፍሬሞቹ ራስ ላይ፣ በትክክል እጩ ካለበት በላይ ነው። አራት ጣት ያህል ከጉብታው ከራቀ በብርድ ቀን እጭ የሚያበሉት ንቦች አይደርሱበትም። ብዙ መስጠትም ብልሃት አይደለም፤ ሞቃት አካባቢ ተርፎ የሚቀረው ቂጣ የቀፎ ጥንዚዛ መፈልፈያ ይሆናል። በሳምንት በአሥር ቀን የሚጨርሱት ይበቃል። አንዴ ከተጀመረ ግን አይቋረጥም፤ ምግቡ ድንገት ሲቀር ንቦቹ እንቁላሉንና ትንንሹን እጭ መልሰው ይበሉታል።

ይህ ሁሉ በ2025ም ተደርጓል። ቂጣው ነበር፣ ሽሮፑም ነበር። የጎደለው ቂጣውን በልቶ ለእጭ የሚሆን ወተት የሚያወጣ ጤነኛ አካል ነበር። በጃንዋሪ እጭ የምታሳድገው ንብ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የወጣችው ናት። የበጋ ንብ ስድስት ሳምንት ብትኖር ነው፤ ይህችኛዋ ግን በሆዷ ግድግዳ ላይ በተከማቸ ስብ ወራትን ታልፋለች፤ በክረምቱ መጨረሻም ያንኑ ስብ ወደ እጭ ምግብ ትለውጠዋለች። ቫሮአ የተባለው ቅንቅን የሚበላው ይህንኑ ስብ ነው።

ቅንቅኑ

ቫሮአ በመጀመሪያ የእስያዋ ንብ ጥገኛ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተገኘው በ1987 ነው። ሴቷ ቡናማ ቀላ ያለች፣ ጠፍጣፋ፣ ወርዷ 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንቅን ናት። በዓይን ትታያለች፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከንቡ ሆድ በታች፣ በቅርፊቶቹ መሃል ተሸጉጣ ስለምትቀመጥ ቀፎ ከፍቶ «አላየሁም» ማለት አያስተማምንም። እጩ ሊታሸግ ሲል ጓዳው (እጩ የሚያድግበት የእንጀራው ቀዳዳ) ውስጥ ትገባና ሽፋኑ ሥር ትራባለች። የሠራተኛ ጓዳ 12 ቀን ያህል፣ የድንጉላው (የወንዱ ንብ) ሁለት ቀን አስበልጦ ታሽጎ ስለሚቆይ ከድንጉላው ጓዳ ብዙ ልጅ ይዛ ትወጣለች። እጭ ባለበት ወቅት ቁጥሯ በየወሩ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በኦገስት ንግሥቲቱ እንቁላል መቀነስ ስትጀምር ንቡ ይቀንሳል፣ ቅንቅኑ ግን እየበዛ ይሄዳል። ክረምቱን ሊያሻግሩ የተወለዱት ንቦች ላይ የሚያርፈው ያ ሁሉ ቅንቅን ነው።

ቅንቅኗ ብቻዋንም አትገባም። ከአንዷ ንብ ወደ ሌላዋ ቫይረስ ታሻግራለች። በሜሪላንድ ቤልትስቪል ያለው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የንብ ላቦራቶሪ በዚያ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ከስድስት ትልልቅ አናቢዎች ናሙና ወስዶ ነበር። በጁን 2025 ይፋ ያደረገው ውጤት፣ እየሞቱ ባሉትና ገና በሞቱት መንጋዎች ውስጥ ክንፍ የሚያኮማትረው ቫይረስ በሁለቱም ዓይነቱ፣ ከእሱም ጋር ንብን የሚያሽመደምደው አጣዳፊ ቫይረስ በከፍተኛ መጠን መገኘታቸውን ያሳያል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላው ግኝት ነው። የተመረመሩት ቅንቅኖች በሞላ ጎደል በሙሉ አሚትራዝን የመቋቋም የዘር ምልክት ነበራቸው።

አሚትራዝ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከብት መዥገር ሲበዛበት የሚታጠብበት መድኃኒት ነው። በቀፎ ውስጥ የሚሰጠው መድኃኒቱ በተዋሐደው ስስ ፕላስቲክ ነው። ለ5 ፍሬም ንብ አንድ ፕላስቲክ፣ በእጩ መሃል ይንጠለጠላል፤ ከ42 እስከ 56 ቀን ቆይቶ ይወጣል። የቅንቅኗን አንድ የነርቭ ተቀባይ ይዞ ያዞራታል፤ የንቡ ተቀባይ ስለሚለይ ንቡን ብዙም አይጎዳም። የተቋቋሙት ቅንቅኖች በዚያ ተቀባይ ላይ፣ በ215ኛው ቦታ አንድ አሚኖ አሲድ ተለውጦባቸዋል፤ ቁልፉ ያው ነው፣ ጋኑ ተቀየረ። አካሄዱም የታወቀ ነው። ከአሚትራዝ በፊት ፍሉቫሊኔት፣ ቀጥሎም ኩማፎስ በዚሁ መንገድ ከሽፈዋል። ፕላስቲኩን ከ56 ቀን በላይ ረስቶ መተው፣ ወጪ ለመቀነስ ለእርሻ የተዘጋጀውን ፈሳሽ በጨርቅ ነክሮ ማስገባት፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያንኑ መድገም፣ ሁሉም የማይሞተውን ቅንቅን እየመረጡ ማርባት ነው። (የከብቱን አሚትራዝ ቀፎ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ለሚመጣለትም መልሱ አይሆንም ነው። መጠኑም መሟሟያውም ለንብ አልተሠራም፤ ቅሪቱም ሰሙ ውስጥ ይገባል።)

ከዚህ የሚወጣው የእኛ አቋም አንድ ነው። ጃንዋሪ ላይ የታየው ሞት የተወሰነው ኦገስት ላይ ነው፤ የፀደይ መባቻ ሥራ የሚያድነው የሚድነውን ብቻ ነው።

የሞተ ቀፎ ሲመረመር

መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግረው እንጀራው ራሱ ነው። እጭ የነበረበትን ፍሬም አውጥቶ ፀሐይን ከትከሻ ኋላ አድርጎ፣ ፍሬሙን አናቱን ወደ ታች ገልብጦ ወደ ጓዳዎቹ ጣሪያ ማየት ነው። እንደ ጨው ፍንጣሪ ነጫጭ ነጥቦች ጣሪያው ላይ ተለጥፈው ከታዩ የቫሮአ ኩስ ነው። ማር ሲሆን ይሟሟል፣ ስኳር ሲሆን ያንጸባርቃል፤ ይህ ግን ደብዛዛና በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ነው። ከዚያ ጋር ሽፋኑን ቀድደው ሊወጡ ሲሉ ምላሳቸውን አውጥተው የሞቱ ወጣት ንቦች ካሉ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

ረሃብ ሌላ መልክ አለው፦ ንቦቹ ጭንቅላታቸውን ጓዳ ውስጥ ቀብረው፣ ጀርባቸው ብቻ እየታየ ይሞታሉ፤ ማሩ ሁለት ፍሬም አልፎ ቢኖርም በብርድ መሻገር ስላቃታቸው ሊሆን ይችላል። ንግሥት ያጣ መንጋ በሠራተኛ ጓዳ ውስጥ ጉብ ጉብ ያለ የድንጉላ እጭ፣ በአንድ ጓዳም ሦስትና አራት እንቁላል ይተዋል። ፊት ለፊቱ በቡናማ ፍሳሽ የተዥጎረጎረ ቀፎ የሆድ በሽታ ነው። የሚያስፈራው ግን ሽፋኑ ወደ ውስጥ የሰመጠና የተበሳ እጭ ነው። የክብሪት እንጨት ተከቶ ሲወጣ ሁለት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ እንደ ሙጫ ከተጎተተ የአሜሪካ የእጭ ብስባሽ ይባላል፤ ያ እንጀራ ለማንም አይሰጥም፣ ተቃጥሎ ይቀበራል። ይህ ፍተሻ ሳይደረግ የሞተ ቀፎ ማርና እንጀራ ወደ ደህናው ማዛወር በዚያ ጃንዋሪ ብዙ ሰው የተጣደፈበት ስህተት ነው፤ ባዶ ሣጥን ለመሙላት ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበርና አይፈረድባቸውም።

እየሞተ ያለ ቀፎ ሞቶ ካለቀው የባሰ ያሰጋል። ራሱን መከላከል ሲያቅተው ብርቱዎቹ ጎረቤቶች ማሩን ሊዘርፉ ይገባሉ፤ ሲወጡ ቅንቅኑንም ጀርባቸው ላይ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ መግቢያው በዚያው ሰዓት ይዘጋል፤ ማታ እመለሳለሁ ማለት የለም።

ለተረፉት የሚደረገው

መጀመሪያ ቆጠራ ነው። ያልታሸገ እጭ ካለበት ፍሬም፣ ንግሥቲቱ እንደሌለችበት ሁለቴ ታይቶ፣ ንቦቹ ሳፋ ላይ ይራገፋሉ። ከነዚያ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ተዝቆ አልኮል ያለበት ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ 300 ንብ ገደማ ነው። አንድ ደቂቃ ይናጣል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ታች የዘቀጠው ቅንቅን ይቆጠራል። ቁጥሩን ለ3 ማካፈል መቶኛውን ይሰጣል። በፀደይ መባቻ 3 ቅንቅን፣ ማለት 1 በመቶ፣ ሲገኝ ዕቅድ ይያዛል፤ 9 ከተገኘ ጊዜ የለም። 300 ንብ መግደል የሚከብደው አለ፤ ጥሩ ንግሥት በአንድ ቀን ከሺህ በላይ እንቁላል እንደምትጥል ማስታወስ ይበቃዋል። አሚትራዝ ከተሰጠ በኋላ ይኸው ቆጠራ ይደገማል። ቁጥሩ ካልወረደ ፕላስቲክ መጨመር ትርፉ ኪሳራ ነው፤ መድኃኒቱ በዓይነቱ ይቀየራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዋሐድ ነው። ባለ 4 ፍሬሙን በብርቱው ላይ በአንድ ገጽ ጋዜጣ ለይቶ መደረብ፣ ጋዜጣውን በቢላ ሁለት ሦስት ቦታ መሰንጠቅ፣ ደካማዋን ንግሥት ቀድሞ ማውጣት ነው። በሦስት በአራት ቀን ጋዜጣውን በልተው አንድ ጠረን ይሆናሉ። በወረቀት ላይ 4 እና 4 ስምንት ነው፤ ቫይረስ የያዛቸው ሁለት ባለ አራቶች ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና አራት ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ምንም። ስለዚህ የሚዋሐደው ተቆጥሮ ንጹሕ የሆነው ብቻ ነው። ከብርቱው ቀፎ የታሸገ እጭ ወስዶ ደካማውን ማበርታትም ያልታየ ቅንቅን አብሮ መላክ መሆኑ አይዘነጋም።

በዚህ ወቅት ሊያገለግል የሚችለው መድኃኒት ጥቂት ነው። ፎርሚክ አሲድ ብቻ ነው በታሸገው ጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚገድለው፤ አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ በደንብ አይሠራም፣ ከ29 በላይ ደግሞ ንግሥት ያሳጣል። ኦክሳሊክ አሲድ ንቡ ላይ ያለውን ቅንቅን አጥርቶ ይገድላል፤ ሽፋን ሥር ያለውን ግን አይነካም። መጠኑ 35 ግራም በ1 ሊትር እኩል ለእኩል ሽሮፕ ሆኖ፣ ንብ ባለበት በእያንዳንዱ የፍሬም ክፍተት 5 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ቀፎ ከ50 ሳይበልጥ በስሪንጅ ይንጠባጠባል። ጓንትና የዓይን መሸፈኛ ግዴታ ነው። ጃንዋሪ ላይ በቂጣ ተነቃቅቶ እጭ የሞላ ቀፎ ላይ ቢንጠባጠብ ግማሹን ሥራ እንኳ አይሠራም፤ የአልመንዱ የጊዜ ሰሌዳ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። የሚሻለው ማነቃቂያው ከመጀመሩ በፊት፣ በዲሴምበር እጭ በሌለበት ሳምንት መስጠት ነበር።

አበባው ሲያበቃ

አልመንድ ብናኙ የተትረፈረፈ ስለሆነ በሕይወት የተረፈው ቀፎ በማርች መጀመሪያ ይፈላል፤ ካልተከፈለ ይገነጠላል። ንቡ እጥፍ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። ክፍፍሉ በትክክል ከተቆጠረ ያለ ብዙ መድኃኒት ቅንቅኑን ለመምታት ከዓመቱ የተሻለው ዕድል ነው። የእኛ አገር ንብ በመስከረም አደይ ሲፈነዳ ራሷ ስትገነጠል የምታደርገው ይኸው ነው፤ እንቁላል የሚቋረጥበት ጊዜ ይፈጠራል። ቫሮአ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቶ ሳለ እንደ አሜሪካው መንጋ ያልፈጀው ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑ አይቀርም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ቀን 0፦ ከብርቱው ቀፎ 2 ፍሬም የታሸገና ያልታሸገ እጭ፣ 1 ፍሬም ማርና ብናኝ፣ ከሁለት ተጨማሪ ፍሬም የተራገፈ ወጣት ንብ ወደ አዲስ ሣጥን ይገባል፤ ንግሥቲቱ በቀድሞው ትቀራለች። ቀን 1፦ ሊፈለፈል የደረሰ የንግሥት ጓዳ በሁለቱ የእጭ ፍሬሞች መሃል፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይጣበቃል፤ ሲያዝ አይገለበጥም፣ አይናወጥም። አዲሷ ንግሥት በቀን 2 ወይም 3 ትወጣለች፣ በሁለተኛው ሳምንት አየሩ ከሞቀ ተጠቅታ ትመለሳለች፣ በቀን 13 አካባቢ መጣል ትጀምራለች። የድሮው የሠራተኛ እጭ በቀን 21 ወጥቶ ያልቃል። የአዲሷ የመጀመሪያ እጭ የሚታሸገው በቀን 22 ገደማ ነው። እንግዲህ በቀን 20 እና 21 ቀፎው ውስጥ የታሸገ የሠራተኛ እጭ የለም ማለት ይቻላል፤ ቅንቅኑ በሙሉ ንቡ ላይ ነው። ኦክሳሊኩ የሚንጠባጠበው ያን ቀን፣ ንቦቹ ከመውጣታቸው በፊት ጠዋት ነው። የድንጉላ እጭ 24 ቀን ስለሚፈጅ፣ በቀን 0 ሲከፈል የተገኘው ድንጉላ በሹካ ተነቅሎ ካልተጣለ እስከ ቀን 24 ድረስ ቅንቅን ተደብቆበት ይቀራል። ዝናብ ጥቂያውን ካዘገየ ደግሞ ቀኑ በዚያው ልክ ይገፋል፤ እንቁላል ዓይን ካላየ ቀን መቁጠሪያውን አምኖ አሲድ አይሰጥም።